ተስፋዬ የማን ተስፋ ነው?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። ተስፋዬ የሚለውን ስም ግን ወላጅ እንዳወጣው ከቃሉ ይታወቃል። «ተስፋ» የተገኘው «ተሰፈወ» ከሚለው የግእዝ ግስ ሲሆን፣ መድረሻው «ዬ» ደግሞ ባለቤትነትን የሚያመለክት የአማርኛ ቅጥያ ነው፤ ሲጋጠሙ «የእኔ ተስፋ» ይሆናሉ። ተስፋ ማርያምና ተስፋ ሥላሴ ተስፋቸውን ከሰማይ ጋር ያዛምዳሉ፤ ተስፋዬ ግን ወደ ጠሪው ይመለሳል። ስለዚህም ባለ ስሙን የሚጠራ ሁሉ፣ ወዳጅም ሆነ ባላንጣ፣ ወደደም ጠላም «ተስፋዬ» ይለዋል።

ይህን ስም ተሸክመው የታወቁ ብዙዎች ናቸው። ተስፋዬ ገሠሠ «ዕቃው»ንና «የሺ»ን ለመድረክ ጽፈው፣ የዑመር ኻያምን ሩብዓያት ወደ አማርኛ መልሰው፣ በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ። ተስፋዬ ገብረአብ «የቡርቃ ዝምታ»ንና «የጋዜጠኛው ማስታወሻ»ን ጽፎ፣ ወዳጅም ተቃዋሚም አፍርቶ፣ በ2014 ዓ.ም. በስደት ሳለ ናይሮቢ ላይ ሞተ። ተስፋዬ ዲንቃ በ1983 ዓ.ም. ለጥቂት ሳምንታት የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ወንበር ያዙ። ተስፋዬ ቶላ በሲድኒ ኦሎምፒክ የማራቶን ነሐስ አመጣ። አራቱን የሚያገናኛቸው የዘር ሐረግ አይደለም፤ አራት ወላጆች በየቤታቸው የተመኙት አንድ ምኞት ነው።

በልማዳችን የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለም። ተስፋዬ ለልጁ የአባት፣ ለልጅ ልጁ የአያት ስም ይሆንና ከዚያ ወዲያ ከመታወቂያ ላይ ይወርዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም፣ ልማዱ ሕጉን አሸንፎት ኖሯል።

ወገኖቻችን ባሕር ሲሻገሩ ግን ነገሩ ይለወጣል። የዚያ አገር መዝገብ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ የመጨረሻው ስምም በዚያው ይረጋል። «ዘ ዊክንድ» በሚል ስም የገነነው ድምፃዊ እ.ኤ.አ. በ1990 ቶሮንቶ ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደ ሲሆን፣ ሙሉ ስሙ አቤል መኮንን ተስፋዬ ነው። እዚህ ቢሆን አቤል መኮንን ባልነው ነበር፤ ዓለም ግን የአባቱን ስም መኻል ላይ ትቶ አቤል ተስፋዬ ይለዋል።

ይህን እንደ ባህል ጥፋት ቆጥረው የሚያዝኑ አሉ። እኔ በግማሹ ብቻ እስማማለሁ። የአባት ስም መዘለሉ ያሳዝናል። ነገር ግን እኛ በሦስተኛው ትውልድ የምንጥለውን ስም ስደተኛው ለልጅ ልጁ ልጅ ሊያቆየው ይችላል። አያትን በመዘንጋት ከሆነ፣ የምንወቀሰው እኛ ነን። የሚያሳስበኝ ስሙ መርጋቱ ሳይሆን ትርጉሙ መጥፋቱ ነው፤ «የእኔ ተስፋ» ማለት መሆኑን ሳያውቅ ስሙን የሚጽፍ ልጅ ከአያቱ የወረሰው ፊደል ብቻ ነው።

ሥነ ጽሑፍን ለምንወድ ደግሞ ሌላም ጉዳይ አለ። በባዕድ አገር ሥርዓት የሚዘጋጁ የመጻሕፍት ዝርዝሮች ደራሲን በመጨረሻ ስሙ ብቻ ሲጠሩ፣ የልጁን ድካም ለአባቱ ይሰጣሉ። «ዕቃው»ን የጻፉት ተስፋዬ ናቸው፤ ገሠሠ አባታቸው ናቸው። ይህን ሥርዓት የራሳችን ጸሐፍትና ተመራማሪዎች ሳይመረምሩ ሲቀበሉት አያለሁ። ደራሲዎቻችንን በስማቸው፣ ከነአባታቸው ስም እንጥራ፤ በፊደል ተራም በራሳቸው ስም እናስቀምጣቸው። በባዕድ አገር የሚያድጉ ልጆቻችን ደግሞ የመጨረሻ ስማቸውን ትርጉም ከወላጆቻቸው አፍ ይስሙ። አያትየው «ተስፋዬ» ተብለው ሲጠሩ ተስፋ ያደረገባቸው ሰው ነበረ።