ርካሿ ቦል ጆይንት ውድ ናት፤ የሚከፍላት ግን ገዢው አይደለም

መኪና ተበላሸ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሞተር ነው። ሞተር ቢጠፋ ግን መኪናው ይቆማል፣ ተሳፋሪውም ወርዶ ሌላ ይጠብቃል። ጎማውን ከታችኛው ክንድ ጋር የምታያይዘው ቦል ጆይንት ስትወልቅ ነገሩ ሌላ ነው። ጎማው ወደ ጎን ይታጠፋል፣ መሪው አልታዘዝ ይላል፣ መኪናው ግን ገና እየሄደ ነው።

ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ አስፋልት እየተገነጠለ ወደ ምዕራብ ጎጃም ገጠር የሚገባ፣ ወደ ደጋ ዳሞቷ ፈረስ ቤትም ሽቅብ የሚወጣ መኪና ይህችን ከቡጢ የማትበልጥ ዕቃ ክፉኛ ይፈትናታል። አሠራሯ ቀላል ነው፤ በቤቷ ውስጥ የምትሽከረከር የብረት ኳስ፣ ግሪስ፣ ከላይም የላስቲክ ሽፋን። ሽፋኑ ሲቀደድ የበጋው አቧራና የክረምቱ ጭቃ ከግሪሱ ጋር ተቀላቅሎ ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ስለዚህ ዕድሜዋን የሚወስነው ከብረቱ እኩል ያ ላስቲክ ነው።

ዋጋ የሁሉም ጭንቀት መሆኑ አይካድም። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ብር በገበያ እንዲመራ ሲወሰን ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተወደደ። ውጤቱ ግልጽ ነው፤ ያለው መኪና የግድ ረጅም ዘመን መሥራት አለበት፣ የሚሠራውም በመለዋወጫ ነው።

ችግሩ ዋጋውን የሚመርጠውና አደጋውን የሚሸከመው ሰው አንድ አለመሆናቸው ነው። ባለንብረቱ ከተማ ተቀምጦ «ርካሹን ግዛ» ይላል። ሾፌሩ እንጀራው ነውና ይታዘዛል። ከኋላ እህሏን ይዛ፣ ልጇን አዝላ የተቀመጠችው እናት ግን ምን እንደተገጠመ የሚነግራት የለም። የቆጠባው ዕዳ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።

«ኦርጅናል ከየት ይምጣ?» የሚል ክርክር ይነሳል፤ እውነት አለው። ነገር ግን በኦርጅናልና በቆሻሻው መካከል ሰፊ ቦታ አለ። የጃፓኑ 555 ወይም የኮሪያው ሲቲአር ስማቸው የተመሰከረ ነው፤ ስም ያለው ካርቶን ግን ተመስሎም ይታተማል። ስለዚህ መታየት ያለበት ዕቃው ነው። ኳሷ በእጅ ስትንቀሳቀስ ጠበቅ ብላ ያለ መንገጫገጭ ትዞራለች? ላስቲኩ ለስላሳ ነው፣ ዙሪያውንስ በቀለበት ታስሯል? ጥርሱ ንጹሕ ነው? የዳዶው መቆለፊያ ሽቦ አዲስ ነው? ግሪስ ማስገቢያ ያላት ደግሞ በየጊዜው የሚያጠጣት ካገኘች ለአቧራ መንገድ ትመረጣለች፤ የሚያጠጣት ከሌለ ግን ጥቅም የላትም።

ያለቀችውን በብየዳ አጥብቆ መመለስ ከሁሉም የከፋ ነው። የብየዳው ሙቀት የብረቱን ጥንካሬ ያበላሸዋል፤ ስንጥቁም ከውጭ አይታይም። ለውድድር መኪና የተሠራው፣ ሽፋን የሌለው ሮድ ኢንድ የተገጠመበት ክንድም እንዲሁ ለዚህ አገር መንገድ አይሆንም። ሲያዩት ያምራል፣ አቧራ ግን በቀላሉ ይገባዋል።

ለቦሎ የሚደረገው ምርመራ በዓመት አንዴ ነው፤ ላስቲክ ግን በአንድ ጉዞ ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህ መፍትሔው መናኸሪያው ላይ ነው። በክሪክ ጎማውን አንስቶ ከላይና ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ይዞ መነቅነቅ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የባለንብረቶች ማኅበራት ይህን ከመውጫ በፊት ግዴታ ቢያደርጉ፣ መለዋወጫም በጋራ ቢገዙ፣ የአንዱ ባለንብረት አቅም የማይችለውን የሁሉም ይችለዋል። ጋራዡም የወለቀውን አሮጌ ዕቃ ያስረክብ፣ የገጠመውንም በጽሑፍ ይስጥ።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው። ተሳፋሪም ለታሪፍ የሚከራከረውን ያህል «መኪናው ዛሬ ታይቷል ወይ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።