«ሲስተም የለም» መልስ አይደለም

በአገሪቱ ውስጥ የትኛውም መመሪያ ወይም ሰርኩላር የዚህችን ሁለት ቃል ያህል ባለጉዳይ አልመለሰም፦ «ሲስተም የለም»።

ጡረታውን ሊቀበል ገና ሳይነጋ የተሰለፈ አዛውንት በእሷ ይመለሳል። ግብር ሊከፍል ሱቁን ዘግቶ የመጣ ነጋዴ ይመለሳል። የላቦራቶሪ ውጤት የምትጠብቅ ነፍሰ ጡር ትመለሳለች። «ለምን የለም?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ የጠየቀም «እኛ ምን እናውቃለን፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው» ተብሎ ይሸኛል። ሲስተም እንደ ዝናብ ሆኗል፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል።

ሲስተም ግን የሰው ሥራ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰርቨር፣ ከእሱ የሚወጣ ኬብል፣ መስመሩን የሚያከፋፍል ስዊች፣ በላዩ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ይህን ሁሉ እንዲጠብቅ ደመወዝ የሚከፈለው ባለሙያ። ከእነዚህ አንዱ ሳይጓደል ሲስተም አይጠፋም። የትኛው እንደተጓደለ ደግሞ ይታወቃል። ባለሙያው በቅደም ተከተል ይጠይቃል፦ የጠፋው ለአንድ መስኮት ነው ወይስ ለሁሉም? ሰርቨሩ ሲጠራ ይመልሳል? ዲስኩ ሞልቷል? የጊዜ ገደብ ያለው ሰርተፊኬት አልፎበታል? ከሁሉም በላይ፦ ከትናንት ወዲህ ምን ተነካ?

ብዙ ጊዜ የሚገኘው ምክንያት እስከ ማሳፈር ድረስ ቀላል ነው። ሎግ የሚባለው የሰርቨሩ የሥራ መዝገብ ለወራት ሳይጠረግ ተከማችቶ ዲስኩን ይሞላዋል፤ ዳታቤዙ የሚጽፍበት ቦታ ያጣና ይቆማል። ይህን ለመከላከል ሳይንቲስት አያስፈልግም። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚያይ ሰው፣ ዲስኩ ሊሞላ ሲል የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ይበቃል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው። በብዙ ቦታ የሚደረገው ግን አጥፍቶ ማብራት ብቻ ነው። ሲስተሙ ይመለሳል፣ ሁሉም ያጨበጭባል፣ ፍንጩም አብሮ ይጠፋል። በሚቀጥለው ወር ያው በሽታ ይነሳል።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ፣ አርብ ሌሊት፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ማንም አልረሳም። ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ከኤቲኤም ያወጡ፣ በሞባይል ያስተላለፉ ብዙ ነበሩ፤ ከነሱም ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች። ባንኩ ያለአግባብ ወጣብኝ ያለው 801.4 ሚሊዮን ብር ነው፤ ከሦስት አራተኛው በላይ እንደተመለሰለትም አስታውቋል። ያልመለሱትን በስምና በፎቶ ለጠፈ።

የሰው ገንዘብ የወሰደ ይመልስ፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል። የላሰው ተይዟል። ገደሉ ለምን እንደተናደ ግን ያን ያህል አልተወራም። ብሔራዊ ባንክ ችግሩ የተፈጠረው በሲስተም ጥገናና ፍተሻ ሥራ ላይ መሆኑን ገለጸ፤ ባንኩም የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ። ይህ ማብራሪያ ሕዝቡን ለማረጋጋት የወጣ ነው። ሙያውን ለሚያውቅ ሰው ግን ከጥቃት የባሰ ያሳስባል። ሌባ ከውጭ ሰብሮ ገባ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ሲጠግን በሩን ከፍቶት አደረ ማለት ሌላ ነው።

ከዚያ የሚከተሉት ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው። የሚቀየረው ነገር ቀድሞ በሙከራ ሰርቨር ላይ ተፈትኖ ነበር? ከተበላሸ ወደ ነበረበት የሚመለስበት መንገድ ተዘጋጅቶ ነበር? ሌሊቱን የሚከታተል ሰው ነበር? ማስጠንቀቂያው ጮኸ ወይስ አልጮኸም? ከ38 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ያለው ባንክ እነዚህን ለሕዝብ ቢመልስ ክብሩ አይቀንስም። የተማሪ ፎቶ ለመለጠፍ ግድግዳ ከተገኘ፣ የስህተቱን ምክንያት ለመለጠፍም አይጠፋም።

ሦስት የታወቁ ማመካኛዎች አሉ።

አንደኛው «መብራት ነው» የሚለው ነው። መብራት መጥፋቱ እውነት ነው። ግን በየሳምንቱ የሚጠፋ ነገር ድንገተኛ አይባልም። ዩፒኤስና ጀነሬተር፣ ሁለተኛ የኔትወርክ መስመር የሚገዛው ለዚሁ ነው። ጀነሬተር ኖሮ ናፍጣ ከሌለው ጥፋቱ የመብራት ኃይል አይደለም።

ሁለተኛው «በሠለጠነው ዓለምም ይከሰታል» ነው። ይከሰታል። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለ የሶፍትዌር ኩባንያ አንድ ባለሙያ ሌሊት ሲሠራ ሰርቨር ተሳስቶ ወደ 300 ጊጋባይት ዳታ አጠፋ። ባክአፕ ተብለው ከተያዙት አምስት ዘዴዎች አንዱም እንደታሰበው አልሠራም። መክሸፋቸውን እንዲያሳውቁ የተዘጋጁት ኢሜይሎች እንኳ ለማንም ሳይደርሱ ቀርተዋል። በአጋጣሚ አንድ ባለሙያ ከስድስት ሰዓት በፊት የወሰደው ቅጂ ባይኖር ጉዳቱ እጅግ በከፋ ነበር። ኩባንያው ምን አደረገ? የጥገናውን ሥራ በቀጥታ በዩቲዩብ አስተላለፈ፤ ምን እንደተበላሸ፣ ለምን፣ ምን እንደሚያስተካክል በዝርዝር ጽፎ አወጣ። የተሳሳተውን ልጅ ስም ግን አላወጣም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

በእንግሊዝ ደግሞ ቲኤስቢ የተባለው ባንክ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 የደንበኞቹን መረጃ ወደ አዲስ ሲስተም ሲያዛውር እስከ 1.9 ሚሊዮን ሰው ሂሳቡን ማየት አቃተው። ተቆጣጣሪዎቹ በታኅሣሥ 2022 ባንኩን 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። በቀጣዩ ዓመት የቀድሞው የመረጃ ቴክኖሎጂ ኃላፊ በግሉ 81,620 ፓውንድ ተቀጣ። ቅጣቱ ያረፈው ወሳኙ ወንበር ላይ ነው።

ሦስተኛው «ምስጢር ነው፣ ለሌባ መንገድ ማሳየት ይሆናል» የሚለው ነው። ፓስወርድ ንገሩን ያለ የለም። «ዲስኩ ሞልቶ ነበር፣ የሚከታተል አልነበረም፣ አሁን ተመድቧል» ማለት ለየትኛው ሌባ ቁልፍ ይሰጣል? ብዙ ጊዜ ምስጢር የሚባለው ቸልተኝነት ነው።

በአገር ውስጥ ግን ጣት የሚቀሰረው ወደ ታች ነው። ሰርቨሩን፣ ፕሪንተሩን፣ ዋይፋዩን፣ የአለቃውን ስልክ ሳይቀር የሚያስተካክል አንድ የአይቲ ልጅ ባለበት መሥሪያ ቤት፣ ሲስተም ሲወድቅ የሚጠራው እሱ ነው፤ ደብዳቤ የሚጻፍበትም እሱ ነው። ትርፍ ዲስክ ይገዛ ብሎ ሲጠይቅ «በጀት የለም» ያለው ኃላፊ ግን ስሙ አይነሳም። ለእንግዳ መቀበያው ሶፋ የተገኘ በጀት ለባክአፕ ጠፋ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የሚነካ ነገር ሁሉ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደነካው ይመዝገብ። ሳይሞከር ወደ ሥራ ሰርቨር የሚገባ ለውጥ አይኑር፤ ባክአፕም ተመልሶ እንደሚነሳ በየወሩ ይፈተሽ፤ ተመልሶ ያልተነሳ ባክአፕ የለም ማለት ነው። ሕዝብ የሚያገለግል ባንክ ወይም መሥሪያ ቤት ደግሞ ለሰዓታት ሲቋረጥ፣ ምክንያቱንና ያደረገውን ማስተካከያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሕዝብ በጽሑፍ ያውጣ። ተቆጣጣሪው ይህን ያስገድድ፤ ካልሆነም በዋና ኃላፊው ስም ይጠይቅ።

እስከዚያው ግን ባለጉዳይም ድርሻ አለው። «ሲስተም የለም» ሲባል ዝም ብሎ መመለስ ይብቃ። ሦስት ጥያቄ በጨዋነት ይጠየቅ፦ ምን ተበላሽቶ ነው? ከስንት ሰዓት ጀምሮ? መቼ ይመለሳል? የመስኮቷ ሠራተኛ መልሱን ላታውቅ ትችላለች፤ ጥፋቱም የእሷ አይደለም። ግን አንድ ሺህ ሰው በቀን ከጠየቃት እሷም አለቃዋን ትጠይቃለች፤ አለቃዋም የበላዩን። ያኔ ጥያቄው ሶፋውን የገዛው ሰው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል።