የሕንፃ ፅዳት ለዓይን ነው ወይስ ለጤና?

ባለፈው ሴሚስተር ለቃለ መጠይቅ ኮርስ የተሰጠንን የቤት ሥራ ልሠራ ወደ አንድ ባለ 8 ፎቅ የንግድ ሕንፃ ጎራ ብዬ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ አዲስ አበባ ውስጥ እሱን የሚመስል ሞልቷል። ከሥር ባንክና ካፌ፣ ከፍ ሲል ቡቲክና ሞባይል ቤት፣ 4ኛው ላይ የጥርስ ክሊኒክ፣ ከዚያ በላይ ቢሮና ማሠልጠኛ። የመግቢያው እብነበረድ ፊትን ያሳያል። የ3ኛ ፎቅ መፀዳጃ ግን ምን ልበላችሁ፣ ውስጡን ለቄስ!

አስተዳዳሪውን “የፅዳት ድርጅቱን እንዴት መረጣችሁት?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

“በጨረታ። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው አሸነፈ።”

“የቱ ቦታ፣ በስንት ጊዜ፣ እንዴት ይፀዳል ብላችሁ ነው ያጫረታችሁት?”

ትንሽ አሰብ አደረጉና “ሕንፃውን ነዋ፣ የኔ ልጅ!” አሉኝ።

እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ ያለው እዚህች መልስ ውስጥ ነው። “ሕንፃ” የሚባል አንድ ነገር የለም። 5 ሰው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የሚውልበት ቢሮና ሥጋ የሚከተፍበት ኩሽና አንድ ዓይነት ፅዳት አይፈልጉም። ለቢሮው በየቀኑ ቆሻሻ መድፋት፣ አቧራ መጥረግና ወለል መወልወል፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ምንጣፍና መስኮት ማጠብ ይበቃዋል። ሰው የሚመላለስበት መፀዳጃ ግን ጠዋት አንዴ ታጥቦ እስከ ማታ ሊተው አይችልም። ክሊኒኩ ደግሞ ሌላ ነው፤ ደምና ምራቅ ያለበት ቦታ የራሱ ዕቃ፣ የራሱ መድኃኒትና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ታዲያ ሁሉም በአንድ ኮንትራት፣ በአንድ ባልዲ ሲሆን ምን ይፈጠራል? ክሊኒኩን የወለወለው መወልወያ ወርዶ ካፌው ደጃፍ ይደርሳል። እንደ እንግሊዝ ባሉ አገሮች የመፀዳጃው ጨርቅ ቀይ፣ የኩሽናው አረንጓዴ ተብሎ በቀለም የሚለየው ለዚሁ ነው። ይህ ደግሞ ሀብት የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ ባለ ሁለት ቀለም ጨርቅ መርካቶም አለ።

ጉዳዩን ከሩቅ ሆኜ አይደለም የማወራው። አክስቴ በኤጀንሲ ተቀጥራ እንዲህ ያለ ሕንፃ ታፀዳለች። አምና አንድ ቀን የመፀዳጃው ሽታ አልለቅ ሲላት በረኪናውን ከሽንት ቤት ማጠቢያ አሲዱ ጋር ቀላቅላ ደፋችው። ሁለቱ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በ1ኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች የታፈኑበት ያው ጋዝ ማለት ነው። እግዜር አትርፏት በሩን ከፍታ ወጣች እንጂ 3 ቀን ሙሉ ስታስል ነበር። አለቃዋ “ማን ቀላቅይ አለሽ?” አላት። እውነቱን ነው፣ ማንም አላላትም። አትቀላቅይ ያላትም ግን የለም።

“ስሙ የሕንፃ ፅዳት ይባላል እንጂ የእኛ ሥራ የበር ፅዳት ነው” ትለኛለች። ተቆጣጣሪው የሚያየው መግቢያውንና ሊፍቱን ነው። እብነበረዱ በቀን 4 ጊዜ ይወለወላል፤ የመፀዳጃው በር እጀታ በሳምንት አንዴም አይነካም። ሰው ሁሉ የሚጨብጠው ግን እጀታውን ነው፣ ወለሉን አይደለም። ደግሞ እብነበረዱን እንኳ ሲያበዙት ያበላሹታል፤ አሲድ ያለበት ማጠቢያ ከነካው አንፀባራቂነቱ ይጠፋና ይደበዝዛል። ገንዘብ ከፍሎ ዕቃ ማስበላት ይሉሃል ይሄ ነው።

ከኮሮና ጊዜ የተማርነው ነበር፣ ቶሎ ረሳነው። በ2012 ዓ.ም. በየደጃፉ መርጨት ፋሽን ሆኖ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ሰው ላይ መርጨት ጭራሽ እንደማይመከር፣ ቤት ውስጥም ዝም ብሎ መርጨት ብዙ እንደማይረባ ገልጿል። የሚረባው ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ እድፉ በሳሙናና በውኃ ይነሳል፤ ከዚያ በረኪናው ይመጣል፤ ተቀብቶ ቶሎ አይጠረግም፣ ደቂቃዎች ይጠበቃል። እድፍ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉ እዚያው ያልቃል። 5 በመቶ የሆነ በረኪና ለተራ ገጽ 1 እጁ ለ49 እጅ ውኃ ይበቃዋል፤ ደም ለፈሰሰበት 1 ለ9 ይደረጋል። በየቀኑም አዲስ ይበጠበጣል። ይህን የሚያህል ነገር ለማስተማር ግማሽ ቀን ይበቃል።

“ወጪውስ?” የሚለኝ አይጠፋም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማ ታንከር መሙላት ራሱ ብር ነው። እኔ ግን ጨምሩ አላልኩም። ከመግቢያው ላይ ሁለት ዙር ቀንሳችሁ ለመፀዳጃው ስጡ ነው ያልኩት። ከጨረታው በፊትም አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ፎቅ በፎቅ ይዙር፤ ስንት ሰው እንደሚገባ፣ ምን እንደሚሠራበት፣ ምን እንደሚነካ ይጻፍ። ዋጋ ይቅረብ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ባለው አሠራር ተጫራቹ ዋጋ የሚቀንሰው ከየት ነው? ከሳሙናው፣ ከጓንቱና ከአክስቴ ደመወዝ። ሌላ የሚቀነስበት ቦታ የለውም።

የኛም ዲፓርትመንት ከዚህ አይርቅም፣ መምህሮቼ ይቅር ይበሉኝና። የስቱዲዮውን የጆሮ ማዳመጫና ማይክ በቀን ስንት ተማሪ አፉና ጆሮው ላይ ያደርጋል? ኮሪደሩ ጠዋት ጠዋት ይወለወላል፣ አመሰግናለሁ። ማይኩን ግን ከገባሁ ጀምሮ ሲጠረግ አላየሁም። ትናንት የፅዳት ሠራተኛዋን ጠየቅኋት። “እሱን አትንኪ ተብዬ ነው፣ ዕቃ ክፍል ነው የሚያፀዳው” አለችኝ። ዕቃ ክፍል ሄድኩ። “ፅዳት ናቸው” አሉኝ።