ሸክላ የሚያውሱ ቤተ መጻሕፍት

በዚህ ዓምድ ስለ መጻሕፍት ደጋግመን ተጫውተናል። ዛሬ ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ወደ ቤተ መጻሕፍት የምወስድዎት ለጆሮዎ ስል ነው። ነገሩ እንግዳ ይመስል ይሆናል፤ በኛ ዘንድ ቤተ መጻሕፍት ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበን ጸጥታ ነውና። አንዱ ቢያስል ሌላው ቀና ብሎ ይገላምጠዋል። እንዲህ ባለው ቤት ውስጥ ዘፈን ምን ይሠራል? ብለው ቢጠይቁ ተገቢ ጥያቄ ነው።

በአሜሪካ፣ በሚኔሶታ ክፍል የሚገኘው የሴይንት ፖል ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሸክላ ማዋስ የጀመረው በ1914 ነው። (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ያን ጊዜ ሸክላ ከእጅ ቢያመልጥ እንደ ገል የሚሰበር ዕቃ ስለ ነበረ፣ ለማንም መንገደኛ ማዋሱ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ኋላም በእንግሊዝ አገር አንዳንድ ቤተ መጻሕፍት ሸክላውን ከመስጠታቸው በፊት ተዋሹን «በል የማጫወቻህን መርፌ አምጥተህ አሳየን» ይሉት ነበር፤ ያረጀ መርፌ ሸክላውን እንደ ማረሻ ይቦረቡረዋልና። በኒው ዮርክም በሊንከን ሴንተር በ1965 የተከፈተው የትያትርና የሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት እጅግ ትልቅ የድምፅ መዝገብ ይዟል።

የሆነ ሆኖ ሸክላ ማከማቸት አንድ ነገር ነው፤ ሰውን ከሸክላው ጋር ማስተዋወቅ ሌላ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ሁለተኛው ሥራ ነው። የብዙ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ራሳቸው የወደዱትን መርጠው በአንድ መደርደሪያ ላይ ለብቻው ያቆሙታል፤ ለምን እንደ ወደዱትም በትንሽ ወረቀት ሁለት መስመር ጽፈው አጠገቡ ይለጥፋሉ። ሰው ቀርቦ የጠየቃቸው እንደ ሆነ ደግሞ መልስ ከመስጠታቸው በፊት እነሱ ይጠይቃሉ። በቅርብ ጊዜ ሰምተው ሳያልቅ በቀረ ያሉት ምን ነበር? የሚሰሙት ሲሠሩ ነው ወይስ ማታ ብቻዎን ተቀምጠው? የሚያስጠላዎትስ የትኛው ነው? ይህን የመሰለውን ጥያቄ ስለ መጽሐፍ ሲጠይቁ ኖረዋልና ለሙዚቃ ማዋሉ አልከበዳቸውም።

መቼም ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ ዘፈን እየመረጠ ያቀርብልናል፤ መካድ አይቻልም፣ ብዙ ጊዜም ይሳካለታል። ግን ስልኩ የሚያውቀው ትናንት የሰማነውን ነው። ትናንት ትዝታ ሰምተው እንደ ሆነ ዛሬም ነገም ትዝታ ያመጣልዎታል። በዚያ ላይ ነገሩን ያሰናዳው ኩባንያ ብዙ ሰዓት ባዳመጡ ቁጥር ይጠቀማል። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ግን ወሰዱትም ተዉትም ደመወዙ ያው ነው። ስለዚህ «ይህን ሞክሩት» ሲል ምክሩን ለማመን አይከብድም።

ስለ ጸጥታው ላነሡት ጥያቄ ደግሞ የዋሽንግተን ከተማ ቤተ መጻሕፍት ጥሩ መልስ ሰጥቷል። ፓንክ የሚባለው ጯሂና ፈጣን የወጣቶች ሙዚቃ በዚያች ከተማ ሥር የሰደደ ነው፤ ነገር ግን የተቀዳው በየሰው ምድር ቤት፣ ማስታወቂያው የተለጠፈው በየስልክ እንጨቱ ስለ ነበረ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ በ2014 ሸክላውን፣ ካሴቱንና የተለጠፈውን ወረቀት ሁሉ መሰብሰብ ጀመረ። ይህም አልበቃው ብሎ በማርቲን ሉተር ኪንግ ስም በተሰየመው ዋና ሕንፃው ውስጥ ሙዚቀኞቹን ጠርቶ አስጫወታቸው። እኔ ይህን ሙዚቃ እምብዛም አልወደውም፤ ሥራው ግን አስቀንቶኛል።

ለምን አስቀናኝ? በዚያችው ከተማና በዙሪያዋ የአገራችን ሰው እጅግ ብዙ ነው። እንግዲህ አንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ስለኛ ሙዚቃ ምን ያውቃል? አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባሉት ፈረንሳዊ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በተከታታይ ካወጧቸው ዲስኮች ነው። ወይም በ2005 ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በሚለው ፊልሙ ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ሲያሰማ ሰምቶ ነው። በዚያ ፊልም ዲስኩን ቀድቶ ለመንገድ የሚሰጠው ኢትዮጵያዊ ጎረቤት መሆኑን ልብ ብለዋል? ጥሩ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ይወጣው ነበር።

የእነዚህ ዲስኮች አንዱ ምንጭ በአገራችን የታተመው ሸክላ ነው። አቶ አምሃ እሸቴ፣ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ ነው በተባለበት ዘመን ደፍረው በ1969 ሥራ ጀመሩ፤ እስከ 1975 ድረስም ከመቶ የሚበልጡ ትንንሽ ሸክላዎችና ዐሥራ ሁለት ያህል ትልልቆች አወጡ። ከዚያ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄዱ። ሸክላዎቹ ግን በየቤቱ ቀሩ፤ ስንቱ ተሰበረ፣ ስንቱስ ለፈረንጅ ሰብሳቢ ተሸጠ!

አንድ የሠለጠነ ሠራተኛ በዚህ ጥቂት ክምችት እንኳ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ይመልከቱ። የጃዝ ወዳጅ መጥቶ አዲስ ነገር ቢጠይቀው፣ ሙላቱ በ1972 በኒው ዮርክ የቀዱትን «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» ይሰጠዋል። ያ ሰው የወደደው ሳክስፎኑን እንደ ሆነ ወደ ጌታቸው መኩሪያ ይመራዋል፤ እኒህ ሰው ሽለላንና ፉከራን ከጀግናው አፍ ወስደው በሳክስፎን ያስጮሁ፣ በ2006ም ከሆላንዶቹ «ዘ ኤክስ» ጋር «ሞዓ አንበሳ» የሚለውን ሥራ ያወጡ ናቸው። የወደደው ዝግታውን ከሆነ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው፤ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1967 በጀርመን አገር ሸክላ ያሳተሙበትን ፒያኖ ይስማ። ከእማሆይ ፒያኖ ወደ ዓለሙ አጋ በገና አንድ እርምጃ ነው፤ ከበገናውም ወደ አስናቀች ወርቁ ክራር። የሰውየው ጉዞ ከጃዝ ተነሥቶ በገና ደረሰ! ሰው ካልመራው በቀር በራሱ እዚያ የሚደርስ ጥቂት ነው።

ችግሩ ሠራተኛው የነገሩትን ብቻ ማወቁ ነው። በብዙ ቦታ የእኛ ሙዚቃ «የዓለም ሙዚቃ» ተብሎ በተጻፈበት መደርደሪያ ላይ በአንድ ወይም በሁለት ዲስክ ተወክሎ ይቆማል። የጉራጌው፣ የወላይታው፣ የትግራዩ፣ የኦሮሞው ዜማ፣ በካሴት ዘመን የወጣው ሁሉ የት አለ? ማንም አልጠየቀም፤ ስለዚህ አልተገዛም። አብዛኞቹ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት «ይገዛልን» የሚባልበት መጠየቂያ አላቸው። እኛ ግን ለልጆቻችን የተረት መጽሐፍ ተውሰን ዝም ብለን እንወጣለን፤ ይህ ዝምታችን አይገባኝም።

«ዘፋኙስ ምን ይበላል?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ዲስኩን የሚያገኘው ገዝቶ ነው። በአዮዋ ክፍል የአዮዋ ከተማ ቤተ መጻሕፍትም ከ2012 ጀምሮ ከከተማው ሙዚቀኞች ጋር በቀጥታ ተዋውሎ፣ ዋጋ እየከፈለ ዘፈናቸውን ለአባሎቹ አቅርቧል። በአገራችንም የቅጂ መብት አዋጅ በ2004 ወጥቷልና በውል መሥራት ይቻላል። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2022 በአራት ኪሎ ተከፍቷል፤ በስድስት ኪሎም በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የሙዚቃ መሣሪያዎቻችንን በሙዚየሙ ሰብስቧል። ከእንዲህ ያሉት ቤቶች በአንዱ ጥግ አራት ወንበር፣ አራት የጆሮ ማዳመጫና ሙዚቃ የሚወድ አንድ ሠራተኛ ቢኖር ወጪው ከአንድ የስብሰባ ምሳ አይበልጥም ባይ ነኝ።

እስከዚያው በውጭ አገር ላሉት አንባቢዎቼ አንድ ነገር ልንገር። የኛ ሰው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ መልኩ ብዙ ነው፤ ጽጌ የሚለው ብቻ በልዩ ልዩ ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። በዚያም ላይ የአባታችንን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጥሩት፣ አንዱ መዝገብ በራስ ስም ያስገባውን ሌላው በአባት ስም ያስገባዋል። ስለዚህ ማሕሙድ አሕመድን በ«ማ» ሥር ያጡ እንደ ሆነ በ«አ» ሥር ይፈልጉ። በሁለቱም ካጡ ግን ወደ ሠራተኛው ቀርበው መጠየቂያውን ይቀበሉና ስሙን በሁለቱም ዓይነት ጽፈው ያስረክቡት።