የዶላር ሥራ፣ የሩፒ ደመወዝ፦ የቤንጋሉሩ ልምድ ምን ያስተምራል?

ልጅን የኮምፒውተር ሙያ ማስተማር ዛሬ በከተማም በገጠርም የብዙ ቤተሰብ ተስፋ ኾኗል። ይህን ተስፋ በሰፊው ቀድማ የሞከረችው ሀገር ሕንድ ናት። የሙከራው ማዕከል ደግሞ የካርናታካ ግዛት ዋና ከተማ ቤንጋሉሩ ናት። የከተማዋ ተሞክሮ ስኬትም ችግርም ያለበት በመኾኑ፣ በዚሁ መንገድ ለመጓዝ ለሚያስቡ ሀገራት ትልቅ ትምህርት ይሰጣል።

ነገሩ የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ነው። ኢንፎሲስ የተባለው ኩባንያ በ1981 በሰባት መሐንዲሶችና በ10 ሺህ ሩፒ መነሻ ገንዘብ ፑኔ ከተማ ላይ ተመሥርቶ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ቤንጋሉሩ ተዛወረ። በ1985 የአሜሪካው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በዚያው ከተማ ሥራ ጀመረ። ሕንድ በ1991 ምጣኔ ሀብቷን ለውጭ ገበያ ስትከፍት፣ ከዚያም በ2000 ዓመተ ምሕረት መባቻ የዓለም ኩባንያዎች አሮጌ የኮምፒውተር ሥርዓታቸውን ለማስተካከል ብዙ ባለሙያ ሲፈልጉ ዘርፉ ተስፋፋ። ዛሬ የሕንድ የኮምፒውተር አገልግሎት ዘርፍ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሠራተኞች አሉት፤ ከውጭ ሽያጭ የሚያስገባውም በዓመት ከ200 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

የአሠራሩ መሠረት ቀላል ነው። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ባንክ ሥራውን ለሕንድ ኩባንያ በውል ይሰጣል፤ ሒሳቡን በዶላር ይከፍላል። ኩባንያው ደግሞ ለመሐንዲሱ በሩፒ ይከፍላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው ንግዱን ያቆመው።

የሠራተኛው ጥያቄም የሚነሳው ከዚሁ ልዩነት ነው። በትልልቆቹ የአገልግሎት ኩባንያዎች የአዲስ ተመራቂ ዓመታዊ ደመወዝ ከአሥር ዓመት በላይ ከ300 ሺህ እስከ 400 ሺህ ሩፒ ባለው ክልል ውስጥ ቆይቷል። በ2012 አንድ ዶላር በ53 ሩፒ ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በ2024 መጨረሻ ከ84 ሩፒ በላይ ደረሰ። 350 ሺህ ሩፒ በመጀመሪያው ምንዛሪ 6 ሺህ 600 ዶላር ገደማ ነበር፤ በኋለኛው ግን ወደ 4 ሺህ 200 ዶላር ዝቅ ብሏል። በዚሁ ጊዜ የሕንድ የሸቀጦች ዋጋ ወደ እጥፍ ተጠግቷል። ደመወዙ በወረቀት ላይ ባይቀንስም፣ የሚገዛው ነገር ግን በግማሽ ገደማ ቀንሷል ማለት ነው።

ለምን አልጨመረም? ምክንያቱ ለገበሬ እንግዳ አይደለም። በመኸር ማግሥት ሁሉም እህሉን በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ሲያወጣ ዋጋው እንደሚወርድ ሁሉ፣ የሕንድ ኮሌጆችም በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የምሕንድስና ተመራቂዎችን ያወጣሉ። አንዱ ይህ ደመወዝ አነሰኝ ቢል በሩ ላይ የሚጠብቅ ሌላ አለ። ደንበኞችም ውል ሲያድሱ ዋጋ ያስቀንሳሉ፤ ስለዚህ የምንዛሪው ትርፍ ሁሉ የኩባንያው ኾኖ አይቀርም። ከዚህም በላይ፣ የሚሸጠው የሠራተኛው ሰዓት እንጂ የራስ የኾነ ምርት አይደለም። ሰሊጡን በጆንያ የሚሸጥ ሰው ከዘይቱ ትርፍ እንደማይደርሰው ሁሉ፣ ሰዓቱን የሚሸጥ መሐንዲስም በጻፈው ሶፍትዌር ባለቤትነት የለውም።

ከተማዋ ግን የምትጠይቀው ዋጋ ከፍ ያለ ነው። በቤንጋሉሩ ቤት አከራይ የስድስት ወር፣ አንዳንዴም የአሥር ወር ኪራይ መያዣ አስቀድሞ መጠየቁ የቆየ ልማድ ነው። ወረርሽኙ አልፎ ሠራተኞች ወደ ቢሮ ሲመለሱ ኪራይ በፍጥነት ጨመረ። ጀማሪው መሐንዲስ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተጋርቶ ይኖራል። ጫናው በእርሱ ብቻ አያበቃም፤ በቢሮዎቹ ዙሪያ የሚኖሩት ሹፌር፣ ልብስ ሰፊና የጥበቃ ሠራተኛም ያንኑ የናረ ኪራይ ይከፍላሉ።

ዋጋውን የከፈለው ገጠሩም ጭምር ነው። ዛሬ የመስታወት ሕንጻ የሞላባቸው እንደ ኋይትፊልድ ያሉ አካባቢዎች ቀድሞ የመንደርና የእርሻ መሬት ነበሩ። የመስኖና የመጠጥ ውኃ ያቋቱ ከነበሩት ሐይቆች ብዙዎቹ ተደፈኑ፣ ተበከሉም። በ2024 መጋቢት ወር በሺዎች የሚቆጠሩ የውኃ ጉድጓዶች ደርቀው፣ የከተማዋ ነዋሪ ውኃ በቦቴ በውድ ዋጋ ለመግዛት ተገድዷል። ቤንጋሉሩ ዋናውን ውኃዋን የምታገኘው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው የካቬሪ ወንዝ ነው፤ በዚሁ ወንዝ ላይ ገበሬዎችም ይመካሉ።

ይህ ሁሉ ሲባል የዘርፉን ጥቅም መካድ አይገባም። ብዙ ቤተሰቦች በአንድ ትውልድ ውስጥ ኑሯቸውን አሻሽለዋል። ልምድ ያካበተ፣ በአንድ ሙያ ጠልቆ የሠለጠነ መሐንዲስ ከጀማሪው ብዙ እጥፍ ያገኛል። የውጭ ኩባንያዎች በራሳቸው ስም የከፈቷቸው ማዕከላትም ከ1 ሺህ 700 በላይ ደርሰዋል፤ ደመወዛቸውም ብዙ ጊዜ ከአገልግሎት ኩባንያዎቹ ይሻላል። ችግሩ ያለው ከታችኛው እርከን ላይ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ቀድሞ የሚነካውም ተደጋጋሚ ሥራ የሚሠራበትን ይህንኑ እርከን ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ጋር በመተባበር አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን በኮዲንግ የማሠልጠን መርሐ ግብር በ2016 ዓ.ም ሐምሌ ወር ጀምሯል። በዚያው ወር የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲመራ ተደርጎ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ኾኗል። በዶላር ለሚከፈለው ባለሙያ ይህ ጭማሪ ነው። አሠሪው ዶላር እየተቀበለ እርሱ ግን በብር ለሚከፈለው ባለሙያ የሚደርሰው የዋጋ ንረቱ ብቻ ሊኾን ይችላል።

ስለዚህ የምስክር ወረቀት ብዛት ብቻውን መለኪያ አይኾንም። ሠልጣኙ ሥራ ሲያገኝ ውሉ በየትኛው ገንዘብ እንደተጻፈ፣ ደመወዙ ከኑሮ ውድነት ጋር የሚስተካከልበት አንቀጽ መኖሩን፣ ሙያውም ከመሠረታዊው ሥልጠና በላይ የሚያስኬደው መኾኑን መጠየቅ ይኖርበታል። የሀገር ውስጥ ባንክ፣ ሆስፒታልና የእህል ገበያ የሚገለገሉበትን ሶፍትዌር እዚሁ ሠርቶ መሸጥ ከተቻለ ደግሞ፣ ባለሙያው ከሰዓቱ ባሻገር የምርቱም ባለቤት ይኾናል። ከተሞችም ለቴክኖሎጂ ፓርክ መሬት ሲከልሉ የሚነሳውን ገበሬ ካሳ፣ የሚመጣውን ሠራተኛ መኖሪያና ውኃ አስቀድመው ማቀድ አለባቸው። ቤንጋሉሩ ይህን ያወቀችው ጉድጓዶቿ ከደረቁ በኋላ ነው።