ስለ ስልክ መቋረጥና ስለ እውነተኛ መለኪያ

አንድ መሣሪያ ለሰው ጥቅም ተሠርቶ ለገበያ በወጣ ጊዜ ሠሪው የሚመሰገነው ዕቃው ያማረ በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ የተሠራበትን ሥራ ሳያጓድል ሲፈጽም ነው። ስልክም ቃልን ከሰው ወደ ሰው ካላደረሰ መልኩ ቢያምርም ከጌጥ አይበልጥም። ዛሬ የእጅ ስልክ የዘመድ መጠየቂያ፥ የነጋዴ መገበያያ፥ ለሕመምተኛም ሐኪም መጥሪያ ስለ ሆነ፥ በንግግር መካከል የሚቋረጥ ስልክ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። አዲስ ስልክ በወጣ ቁጥር ይህን የመሰለ ቅሬታ የሚሰማ በመሆኑ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. በአሜሪካ የሆነውን መርምሮ ማስተዋል ይጠቅማል።

አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አይፎን 4 የተባለውን ስልክ በዚያው ዓመት ጁን 24 ቀን በአሜሪካ፥ በእንግሊዝ፥ በፈረንሳይ፥ በጀርመንና በጃፓን ለሽያጭ አቀረበ። በ3 ቀን ውስጥ 1.7 ሚሊዮን ስልክ መሸጡንም ኩባንያው ገለጠ። ዳሩ ግን ገዢዎቹ ስልኩን በግራ እጃቸው ሲይዙት የሞገዱ ኃይል ምልክት እየቀነሰ እንደሚሄድ፥ አንዳንድ ጊዜም ንግግራቸው እንደሚቋረጥ ለመናገር ብዙ ቀን አልፈጀባቸውም።

ምክንያቱ ከስልኩ አሠራር የመጣ ነው። የእጅ ስልክ የራዲዮ ሞገድን የሚቀበልበትና የሚልክበት አንቴና ያስፈልገዋል። በአይፎን 4 ስልኩን ዙሪያውን ያቀፈው የማይዝግ ብረት ራሱ አንቴና እንዲሆን ተደረገ። ብረቱ በቀጫጭን ክፍተቶች የተለያየ ሲሆን፥ አንደኛው ክፍል ለስልክ ንግግር፥ ሁለተኛው ለዋይፋይ፥ ለብሉቱዝና ለጂፒኤስ ያገለግል ነበር። ከክፍተቶቹ አንዱ በስልኩ ግራ ጎን በስተታች ስለሚገኝ፥ በግራ እጁ የያዘው ሰው መዳፉ በዚያው ላይ ያርፋል። የሰው ገላ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ በመሆኑ እጁ ሁለቱን ብረቶች ያገናኛል፤ የበገና አውታር ሲላላ ቅኝቱ እንደሚጠፋ፥ አንቴናውም ከተቃኘበት ሞገድ ይወጣል። በመሣሪያ የለኩት የቴክኒክ ጸሐፊዎች እንዳስረዱት፥ ስልኩ ያለ መሸፈኛ ጠበቅ ተደርጎ ሲያዝ የሞገዱ ኃይል ከ20 ዴሲቤል በላይ ይቀንስ ነበር፤ ይኸውም ከመቶው እጅ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ቀረ ማለት ነው። የማሠራጫው ምሰሶ ቅርብ በሆነበት ስፍራ ይህን ያህል ቢቀንስም ንግግሩ ላይቋረጥ ይችላል፤ ሞገዱ ከመጀመሪያውም ደካማ በሆነበት ስፍራ ግን ይቋረጣል።

ኩባንያው በመጀመሪያ የሰጠው መልስ ማናቸውም ስልክ በእጅ ሲጨበጥ ኃይሉ እንደሚቀንስ የሚያስረዳ፥ ገዢዎቹም የስልኩን የግራ ታችኛ ማዕዘን ከመያዝ እንዲጠነቀቁ ወይም መሸፈኛ እንዲያለብሱት የሚመክር ነበር። ኩባንያው ራሱ የሚሸጠው መሸፈኛ ዋጋው 29 ዶላር ነበረ። የመልሱ የመጀመሪያ ክፍል እውነት ነው። ሁለተኛው ግን ጥፋቱን ከሠሪው አንሥቶ በተጠቃሚው ላይ የሚጭን ሆነ። የእጅ ስልክ በእጅ ሊያዝ የተሠራ ዕቃ ነውና፥ ይህ ምክር ጫማ ሰፊ ጫማው የጠበበውን ሰው እግርህን አሳንስ እንደ ማለቱ ይቆጠራል።

ጁላይ 2 ቀን ደግሞ ሌላ ነገር ተገለጠ። ኩባንያው ባወጣው ደብዳቤ፥ ስልኩ የሞገዱን ኃይል በመስመሮች የሚያሳይበት ስሌት ፈጽሞ የተሳሳተ እንደ ነበረ፥ ብዙ ጊዜም ከሚገባው 2 መስመር አብልጦ ያሳይ እንደ ነበረ፥ ስሕተቱም በ2007 ዓ.ም. ከወጣው ከመጀመሪያው አይፎን ጀምሮ የኖረ መሆኑን አስታወቀ። እንግዲህ 4 መስመር ያየ ሰው በእውነቱ ያለው የ2 መስመር ኃይል ብቻ ሊሆን ይችል ነበር። ስሌቱ በዚያው ወር አጋማሽ በአዲስ ሶፍትዌር ተስተካከለ፤ ነገር ግን መለኪያውን ማረም አንቴናውን ማረም አይደለም።

የነገሩ ፍሬ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ አይፎን በአሜሪካ የሚሠራው ኤ ቲ ኤንድ ቲ በተባለው ኩባንያ ኔትዎርክ ብቻ ሲሆን፥ በኒውዮርክና በሳን ፍራንሲስኮ የሚኖሩ ሰዎች ንግግራቸው በየጊዜው እየተቋረጠ ይህንኑ ኩባንያ አጥብቀው ይወቅሱት ነበር። መስመሩ ሙሉ መሆኑን እያየ ንግግሩ የተቋረጠበት ሰው፥ ጥፋቱ የኔትዎርኩ ይሁን ወይስ የስልኩ በምን ይለየዋል? ሐሰተኛ መለኪያ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ አንደኛ ጉድለትን ይሸሽጋል፥ ሁለተኛ በዳዩን ከንጹሑ ጋራ ያደባልቃል።

ይህን የለየው ከሻጩም ከገዢውም ወገን ያልሆነ መርማሪ ነው። ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው፥ ዕቃን እየመረመረ ለሕዝብ የሚያስታውቀው መጽሔት፥ ከውጭ ሞገድ በማይገባበት ክፍል አይፎን 4ን ከሌሎች ስልኮች ጋራ ፈተነው። ጁላይ 12 ቀንም የአንቴናው ጉድለት እውነት መሆኑን ገልጦ፥ በሌላው ነገር ስልኩን እያመሰገነ፥ እንዲገዛ ለመምከር ግን እንደማይችል ጻፈ።

ከ4 ቀን በኋላ የኩባንያው መሪ ሚስተር ስቲቭ ጆብስ ጋዜጠኞችን ጠርተው፥ ፍጹማን አለመሆናቸውን ተናገሩ። የሌሎች ኩባንያዎች ስልኮችም በእጅ ሲጨበጡ ኃይላቸው እንደሚቀንስ አሳዩ፤ በኤ ቲ ኤንድ ቲ በኩል ከተሸጠው የተመለሰው ከመቶ 1.7 ብቻ መሆኑን፥ ለቀደመው አይፎን 3ጂኤስ ግን ከመቶ 6 እንደ ነበረም ገለጡ። አዲሱ ስልክ ከቀደመው አብልጦ የሚያቋርጠው ከመቶ ንግግር አንድ እንኳ እንደማይሞላ ጨመሩ። ለገዢዎቹ ሁሉ መሸፈኛ በነፃ እንዲሰጥ፥ ያልወደደውም በ30 ቀን ውስጥ ዕቃውን መልሶ ገንዘቡን እንዲወስድ አደረጉ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ ፍርድ ቤት የተነሣው ክስ፥ ለከሳሾች 15 ዶላር ወይም መሸፈኛ በመስጠት በስምምነት አለቀ። አንቴናው ራሱ በ2011 ዓ.ም. በወጣው በአይፎን 4ኤስ ተሻሽሎ፥ ስልኩ ከሁለት አንቴናዎች የሚሻለውን እየመረጠ እንዲሠራ ሆነ።

በሚዛን ሲታይ፥ ከቅሬታው ድምፅ ይልቅ የተጎዳው ሰው ቁጥር ያነሰ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። የሆነ ሆኖ ከመቶ አንድ ማለት ለሻጩ ትንሽ ቁጥር ነው፤ ለታመመ ልጁ ሐኪም ሲጠራ ስልኩ ለተቋረጠበት አባት ግን ያ አንዱ ሁሉም ነው። ኩባንያውንም ይበልጥ የጎዳው የአንቴናው ጉድለት ሳይሆን፥ አስቀድሞ የተጠቃሚውን አያያዝ መውቀሱ ነው።

ይህ ነገር ለአገራችንም ትምህርት አለው። በስልክ ላይ የሚታዩት መስመሮች ለዓለም ሁሉ አንድ የሆነ መለኪያ የላቸውም፤ ስሌቱን እያንዳንዱ ሠሪ በገዛ ፈቃዱ ይወስነዋል። ስለዚህ በአንድ ስፍራ፥ በአንድ ኔትዎርክ ላይ ያሉ ሁለት ስልኮች ልዩ ልዩ መስመር ሊያሳዩ ይችላሉ። ኔትዎርክን የሚቈጣጠር ሹም ሥራውን በመስመር ብዛት ሊመዝነው አይገባም፤ ከተሞከረው ንግግር ስንቱ እንደ ተጀመረ፥ ከተጀመረውም ስንቱ እንደ ተቋረጠ በመሣሪያ ሊያስለካ፥ ለሕዝብም ሊያስታውቅ ይገባል። ወደ አገር የሚገባው ስልክም እንዲሁ በሰው እጅ እንደሚያዝ ሆኖ ቢፈተን መልካም ነው።

በአደራ ሕዝብን የሚያገለግል ሁሉ፥ ቅሬታ በመጣ ጊዜ ቅሬታ አቅራቢውን ከመመርመር በፊት መለኪያውን ይመርምር። መለኪያው እውነተኛ ሲሆን ጉድለቱ በስፍራው ይታወቃል፤ የታወቀውንም ጉድለት የሚያርም አይጠፋም።