ቧንቧው ሲደርስ የቦቴው ሾፌር ወዴት ይሂድ?

አብዛኛው የጁባ ነዋሪ ለዓመታት ውሃ የገዛው ከቦቴ ነው። ነጭ ዓባይ በከተማዋ ጎን እየፈሰሰ፣ ሙኑኪና ጉዴሌ ሰፈር ያለው ቤተሰብ በርሜሉን ግቢው ውስጥ አቁሞ የቦቴውን መምጣት ይጠብቃል። መሪ ከሚጨብጡት ሾፌሮችና የውሃ ጎማ ከሚጎትቱት ረዳቶች መካከል የእኛ አገር ልጆችና ኤርትራውያን ብዙ ናቸው። አንዱ ከጋምቤላ ተሻግሮ፣ ሌላው በኬንያና በኡጋንዳ ዞሮ የደረሰ ነው። በዚያ ሥራ የቤት ኪራይ ይከፈላል፣ አገር ቤት ላለች እናት ገንዘብ ይላካል፣ ታናሽ ወንድም ይማራል።

ቧንቧው ግን እየመጣ ነው። የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2012 በዕርዳታ የጀመረው የጁባ የውሃ ፕሮጀክት በታኅሣሥ 2013 በፈነዳው ጦርነት፣ ኋላም በሐምሌ 2016 በተቀሰቀሰው ውጊያ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተቋርጦ በ2023 ለአገልግሎት በቅቷል። በቀን 10,800 ሜትር ኩብ ተጨማሪ ውሃ እንዲያጣራ ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ 120 ቦኖዎችና 8 የቦቴ መሙያ ጣቢያዎችም አሉት። ኮሌራ ደጋግሞ በጎበኛት ከተማ ይህን የሚቃወም ጤነኛ ሰው የለም። ሕፃናት ካልተጣራ የወንዝ ውሃ የሚገላገሉበት ቀን እንዲፈጥን እኔም እመኛለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ቧንቧው አንድ ሰፈር በገባ ቁጥር ደንበኛ የሚያጣው ሰው የማን ኃላፊነት ነው?

ማሽን የሰውን ሥራ ሊወስድ ነው ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የጃፓንን ሮቦት ወይም የአሜሪካን ኮምፒውተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ከሲቲ ባንክ ጋር ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያ ካለው ሥራ 85 በመቶው በቴክኖሎጂ ሊተካ የሚችል ነው ተብሎ ነበር። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ግን የሚለካው ማሽን ሊሠራው የሚችለውን እንጂ መቼ እንደሚሠራው አይደለም። ጉልበት ርካሽ በሆነበት አገር ባለሀብቱ ማሽን ለመግዛት አይቸኩልም። ስለዚህ ለውጡ ወደ እኛ ሰፈር የሚመጣው በሮቦት መልክ ሳይሆን በቧንቧ፣ በካርድ ቆጣሪ፣ በሶላርና በስልክ መልክ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላል ያገሬ ሰው። ማንም በአንድ ቀን አይባረርም። ዛሬ አንድ ደንበኛ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ወር አንድ መንገድ፤ በዓመቱ መኪናው ይቆማል።

ጄኔሬተሩን እንየው። ጁባ ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን ካወጀችበት ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በናፍጣ ጄኔሬተር ስትበራ ኖራለች። ሆቴሉ፣ ባንኩ፣ ክሊኒኩ፣ የዕርዳታ ድርጅቱ ግቢ ሁሉ የየራሱ ጄኔሬተር ነበረው። በዚህ ላይ የሙያ ዓለም ተገነባ፤ ኖዝል የሚያጸዳ፣ የተቃጠለ ጥቅል የሚጠቀልል፣ ዘይትና ፊልትሮ የሚቀይር፣ በእኩለ ሌሊት ተጠርቶ የሚነሣ። በ2019 መጨረሻ 33 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የናፍጣ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ የከተማዋ የኤሌክትሪክ አከፋፋይ ድርጅትም አስቀድሞ የሚከፈልበት ቆጣሪ በየቤቱ ማስገባት ያዘ። ከዚያም ሶላር ተከተለ። ናፍጣ በተወደደ ቁጥር የድርጅቶቹ ግቢ ጣሪያ በፓኔል እየተሸፈነ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያየው ዕድል አለ። የጄኔሬተር መካኒክ ከሶላር ሙያ ሩቅ አይደለም። ሽቦ መዘርጋት ያውቃል፣ በቴስተር ይለካል፣ የትኛው ዕቃ ስንት ኃይል እንደሚስብ በልምድ ያውቃል፣ ከሁሉም በላይ የደንበኞቹን ግቢ ያውቃል። የሚጎድለው ጥቂት ነገር ነው፤ የቤቱን ፍጆታ ደምሮ ስንት ፓኔልና ስንት ባትሪ እንደሚበቃ ማስላት፣ ባትሪን እስከ መጨረሻው ማራገፍ ዕድሜውን እንደሚያሳጥረው፣ ከፓኔል የሚወጣው ቀጥተኛ ጅረት ከለመደው ተለዋዋጭ ጅረት በምን እንደሚለይና ለምን በሌላ ዓይነት ማብሪያና ማጥፊያ እንደሚቆረጥ፣ ሊትየም ባትሪ እንዴት እንደሚያዝ። ይህ የወራት ትምህርት እንጂ የዓመታት አይደለም። የቦቴው ሾፌርም እንዲሁ ነው። ፓምፕ ያውቃል፣ ግፊት ያውቃል፣ የሰፈሩን ጉድጓዳማ መንገድና የእያንዳንዱን ግቢ የውሃ ፍላጎት ያውቃል። የቧንቧ መስመር ደግሞ የሚያፈስበትን ቦታ የሚፈልግ፣ ቆጣሪ የሚያነብ፣ ፓምፕ የሚጠብቅ፣ ቦኖ የሚያስተዳድር ሰው ይሻል። ሥልጠና ሰው የሚያውቀውን ጥሎ ከዜሮ እንዲጀምር ማድረግ የለበትም። ከሚያውቀው ላይ ተነሥቶ ወደ ቀጣዩ ሙያ የሚያደርስ ሲሆን ነው የሚዘልቀው።

ስለዚህ ነው የሦስት ሳምንት የኮምፒውተር ኮርስ ሰጥቶ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ ሰርተፊኬት አድሎ የሚበተነውን ሥልጠና የምቃወመው። ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ የሚውል ሰው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ክፍል እንዲገባ መጥራት አይሆንም፤ ያልሠራበት ቀን ያልበላበት ቀን ነው። ትምህርቱ በምሽትና በእሑድ ከሰዓት ይሁን፤ የቀረበትን የቀን ገቢ የሚያካክስ አበል ይኑረው። የጁባን ዓረብኛ ከሰዉ ጋር አብሮ ሲኖር ለምዶታል፣ አማርኛና ትግርኛ ያውቃል፤ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሰጥ ኮርስ ገና ከበሩ ይመልሰዋል። ዕድሜውም አርባን ያለፈ ሊሆን ይችላል። ለወጣት ብቻ ተብሎ የሚታወጅ ሥልጠና በጣም የሚያስፈልገውን ሰው ያስቀራል።

መማሪያ ቦታ አልጠፋም። ጁባ ውስጥ ከድሮ ጀምሮ የቆየ የመንግሥት የሙያ ማሠልጠኛ ማዕከል አለ፤ ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2010 የሙያ ትምህርት ድጋፍ ስታደርግ ረድታዋለች። በከተማዋ ዳር ባለው ጉምቦ ደግሞ የዶን ቦስኮ ማሠልጠኛ ይገኛል። ግን መንግሥት ደመወዝ መክፈል በከበደው አገር፣ የሱዳን ጦርነት በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧውን ካስተጓጎለ ወዲህ ገቢው ባሽቆለቆለበት ሁኔታ፣ ለመልሶ ማሠልጠን የተለየ ገንዘብ ከግምጃ ቤት ይወጣል ብሎ መጠበቅ ሰውን በተስፋ ማሰር ነው። ገንዘቡ መያዝ ያለበት ማሽኑን በሚያመጣው በጀት ውስጥ ነው። ውሃ ለማስገባት፣ ኃይል ለማመንጨት፣ ክፍያን በስልክ ለማድረግ የሚፈረም ውል ሁሉ ሥራቸው ለሚነካ ሰዎች ሥልጠና የተመደበ መስመር ይኑረው፤ ሥልጠናውም ማሽኑ ከመተከሉ በፊት ይጀመር። የጁባው የውሃ ፕሮጀክት ስምንት የቦቴ መሙያ ጣቢያዎችን ማካተቱን የማነሣው በዚህ ምክንያት ነው። መሐንዲሶቹ ቧንቧ የማይደርስበትን ሰፈር በማሰብ ለቦቴው ቦታ አኖሩለት። ለመኪናው የታሰበው ለሾፌሩም ሊታሰብ ይችላል ማለት ነው።

የእኛ ሰው አንድ ተጨማሪ ሸክም አለበት፤ የውጭ አገር ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የጁባ መንግሥት የውጭ ዜጎች ቦዳ ቦዳ የሚባለውን የሞተር ሳይክል ታክሲ እንዳይነዱ ከለከለ፤ በይበልጥ የተመቱት ኡጋንዳውያን ነበሩ። በመስከረም 2014 ደግሞ ድርጅቶች የውጭ ሠራተኞቻቸውን እስከ ጥቅምት አጋማሽ እንዲያሰናብቱ የሥራ ሚኒስቴሩ አዘዘ፤ ትእዛዙ በተነሣው ተቃውሞ ቢላላም ያሳደረው ፍርሃት አልጠፋም። ይህን የምለው የደቡብ ሱዳንን ወጣት ለመክሰስ አይደለም። በገዛ አገሩ ሥራ አጥቶ ሲቀመጥ የውጭ ሰው መሪ ጨብጦ ማየቱ ያስቆጣዋል፤ ብሶቱም እውነት ነው። ሥልጠናው ሁለቱን በአንድ ክፍል ካስቀመጠ፣ ልምድ ያለው የእኛ መካኒክ ጀማሪውን የአገሩን ልጅ ቢያስተምር፣ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ኬንያዊውና ኡጋንዳዊው ደቡብ ሱዳን በ2016 የተቀላቀለችውን የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ መከታ ያደርጋሉ። ኢትዮጵያዊው ግን የኢጋድ አገሮች ሚኒስትሮች በ2020 በተቀበሉት የሰዎች ዝውውር ሰነድ ላይ ብቻ ተስፋ አድርጎ ይጠብቃል።

አገራችን ልታደርግ የምትችለው ነገር ግን አለ፤ ብዙ ወጪም አይጠይቅም። ወደ ዓረብ አገር በሕጋዊ መንገድ የምትሄድ የቤት ሠራተኛ ሠልጥና፣ ተመዝና፣ የብቃት ማረጋገጫ (ሲኦሲ) ይዛ ነው። ወደ ጁባ የሄደው ግን ማንም ሳይመዝነው ሄዶ፣ ሙያውን እዚያው በእጁ ተምሮ፣ ወረቀት ሳይኖረው አሥር ዓመት ይሠራል። የእኛ የምዘና ሥርዓት ደግሞ ሙያውን በትምህርት ቤትም ሆነ በሥራ ላይ ላገኘ ሰው ክፍት ነው። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በጁባ ካለው ኤምባሲያችን ጋር ሆኖ መዛኞችን በዓመት አንድ ጊዜ ወደዚያ ይላክ። የጄኔሬተር መካኒኩ፣ የከባድ መኪና ሾፌሩ፣ የሆቴል ምግብ አብሳይዋ ባሉበት ተመዝነው ሲኦሲ ይያዙ። ያ ወረቀት ለሶላር ሥልጠና መግቢያ ይሆናል፤ ወደ አገር መመለስ ግድ ቢሆን ደግሞ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ሥራ ለመጠየቅ ያገለግላል።

በጁባ ያላችሁ የቦቴ ባለንብረቶችና የኢትዮጵያውያን ኮሚዩኒቲ መሪዎች፣ ከእናንተ የሚጠበቀውም ቀላል ነው። ማን ምን እንደሚሠራ፣ ስንት ዓመት እንደሠራ፣ ምን መማር እንደሚፈልግ መዝግቡና ዝርዝሩን ለኤምባሲው አስገቡ። ለሚኒስቴሩ ቁጥርና ሙያ ካልቀረበለት መዛኝ የሚልክበት ምክንያት አይኖረውም። ምዝገባው ቧንቧው ቀጣዩ ሰፈር ሳይገባ ይጀመር።